የጥብስ ቅጠልን የሚገድለው በጋ አይደለም

ጤና ይስጥልን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የጥብስ ቅጠል ችግኞች አሉ። ከአንድ እናት ተክል፣ በአንድ ቀን የተቆረጡ ናቸው። በቀኝ ያለው ለምልሟል። በግራ ያለው ግን ቅጠሉ ከታች ጀምሮ እየጠየመ፣ አንደኛው ቅርንጫፉም ደርቆ ቆሟል። ይህን የታመመውን ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ውሃ ጠምቶት ነው» ብሎ ጆግ ያነሣል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚያ ጆግ ነው።

በመጀመሪያ ከተክሉ ጋር እንተዋወቅ። ሥጋ ቤትና ወጥ ቤት የጥብስ ቅጠል ይለዋል፤ ሮዝመሪ የሚሉት አሉ፤ አዝመሪኖ የሚሉትም አሉ። ሊንየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «ሮዝማሪነስ ኦፊሲናሊስ» ብሎ መዘገበው፤ በላቲን «የባሕር ጤዛ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ተመራማሪዎች ከሳልቪያ ወገን ሊነጠል እንደማይገባው አሳይተው «ሳልቪያ ሮዝማሪነስ» ተባለ። ስለዚህ በድሮው ስም የተጻፈ መጽሐፍ ብታገኙ ሌላ ተክል አይምሰላችሁ። ለጋ ግንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ብታሽከረክሩት አራት ማዕዘን መሆኑ ይታወቃችኋል። በሶብላ፣ ናና፣ ጦስኝና ዳማከሴም እንዲሁ ናቸው፤ ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። ኮሰረት በጠረኑ የዚህ ቤተሰብ ቢመስልም የሌላ ነው።

አሁን ይህን ቅርንጫፍ ተቀባበሉትና እያንዳንዳችሁ አንድ ቅጠል ቀንጥሱ። ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስፋቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። ከላይ ጥቁር አረንጓዴና አንጸባራቂ ነው። ገልብጡት። ሁለቱ ጠርዞች ወደ ውስጥ ተጠቅልለዋል፤ መካከሉ ላይ ነጭ ሱፍ የመሰለ ጸጉር አለ። ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ያሉት እዚያ ጸጉር ውስጥ ነው። ንፋስ እርጥበቱን ጠራርጎ እንዳይወስድበት በጸጉር ሸፍኖ፣ በጠርዙ አቅፎ ይዞታል። በጋውን የሚያልፈው በዚህ ነው። ነገር ግን ትጥቁ ሁሉ ከላይ ነው፤ ሥሩ ብዙ ውሃ የሚችልበት ምንም ነገር የለውም።

የትውልድ አገሩ በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ ያለው ድንጋያማ፣ ኖራማ ተዳፋት ነው። እዚያ ዝናብ የሚዘንበው በቀዝቃዛው ወራት ነው፤ የወረደውም በድንጋዩ መካከል ሾልኮ ይሄዳል። አዲስ አበባን እንውሰድ። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ነው፤ ሙቀቱም ቅዝቃዜውም ልከኛ ስለሆነ ለጥብስ ቅጠል የሚስማማ አየር ነው። ችግሩ ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ የሚበልጠው በክረምቱ ሦስት አራት ወራት መውረዱ ነው። ያ ውሃ ጥቁር ዋልካ ላይ ሲያርፍ መሄጃ የለውም። በአፈሩ ውስጥ አየር ይይዝ የነበረውን ክፍተት ሁሉ ይሞላዋል። ሥር ደግሞ ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ሲያልቅበት መጀመሪያ ደቃቆቹ ሥሮች ይሞታሉ። በሞተው በኩል ፋይቶፍቶራን የመሰሉ ሥር አበስባሾች ይገባሉ። ሥሩ ሲበሰብስ ውሃ መሳብ ያቆማል፤ ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ከላይ የምናየው መድረቅ እውነተኛ ጥም ነው። ሰው የሚሳሳተው መድኃኒቱ ላይ ነው።

ታዲያ ጥሙ ከውሃ ማነስ ይሁን ከሥር መበስበስ በምን ይለያል? የታመመውን ችግኝ ከላስቲኩ እናውጣው። አፈሩ ከብዷል፣ ረግረግ ረግረግ ይሸታል። ይህን ቡናማ ሥር በሁለት ጣት ይዤ ስስበው ላዩ እንደ ካልሲ ሾልኮ ወጣ፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ክር ብቻ ቀረ። የበሰበሰ ሥር ምልክቱ ይህ ነው። ጤነኛውን ተመልከቱ፦ ሥሩ ነጣ ያለ ነው፤ ሲጎትቱት ላዩ አይሾልክም፣ ሲያጥፉት ቀጭ ይላል። ውሃ ያጠረው ተክል ደግሞ አፈሩ ክብደት ያጣል፣ ከላስቲኩ ጎን ይላቀቃል፣ ሥሩ ግን አልተነካም። መሬት ላይ ያለውን ነቅላችሁ ማየት ስለማትችሉ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብላችሁ 15 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩና አፈሩን ጨብጡ። ጭቃ ሆኖ ከተጣበቀ ጆጉን አስቀምጡ።

ስለ አፈር ትንሽ ልንቆይ ነው፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው። ከመትከላችሁ በፊት 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉት። ሲሰርግ እንደገና ሙሉትና እንጨት ላይ ምልክት አድርጋችሁ በሰዓት ምን ያህል እንደሚወርድ ለኩ። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ እዚያ ቦታ ላይ መሬቱን ከፍ ሳታደርጉ አትትከሉ። ቀይ አፈር ያላቸው የተዳፋት ሰፈሮች ብዙ ጊዜ ይህን ፈተና ያልፋሉ። ዋልካ አያልፍም።

ዋልካ ላይ የሚሠራው በጣም የተለመደ ስሕተት ሰፊ ጉድጓድ ቆፍሮ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በኮምፖስትና በአሸዋ መሙላት ነው። ደግ ሥራ ይመስላል። በእርግጥ የተሠራው ግን ገንዳ ነው፤ የዙሪያው ዋልካ ውሃ አያሳልፍም፣ ውስጡ የተሞላው ልል አፈር ደግሞ የግቢውን ጎርፍ ይሰበስባል፣ ችግኙም መሐል ይቆማል። ጥቂት አሸዋ ዋልካ ላይ በትኖ ማደባለቅም አይረዳም፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ሂዱ። 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ከታች 1 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉብታ ሥሩ፤ ለአጥር ከሆነ ረጅም መደብ አድርጉት፣ በሁለቱም ወገን ቦይ ይኑረው፣ ቦዩም መውጫ ይኑረው። አዲስ ነገር አይደለም፤ በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬው ዋልካ መሬቱን በእጁ መደብ እያወጣ፣ ውሃውን በቦይ እያሳለፈ ነው የሚያርሰው። ለጉብታው ሁለት እጅ ቀይ ወይም ልል አፈር፣ አንድ እጅ ቀይ አሽ፣ ግማሽ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ይበቃል። ቀይ አሹ ከቢሾፍቱ ዙሪያ ኮረብቶች የሚወጣው ለግንባታ የሚሸጠው ነው፤ ከአተር እስከ ባቄላ የሚያህለውን ምረጡ፤ ዱቄቱን ጣሉት፣ ክፍተቱን ይደፍናል። ትኩስ እበት በፍጹም አታስገቡ።

የመትከያ ወቅት ላይ ከብዙዎች ጋር አንስማማም። ሐምሌ ላይ የዛፍ ችግኝ ስለሚተከል የጥብስ ቅጠልም አብሮ ይተከላል። ሥሩ ገና ያልተዘረጋ ችግኝን በዝናቡ ልብ ውስጥ ማስገባት ግን እንዲበሰብስ ማመቻቸት ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ትከሉት። አፈሩ እርጥበት ይዟል፣ ፀሐዩ ወጥቷል፣ ተክሉም እስከሚቀጥለው ክረምት ስምንት ወር ያህል ሥር የሚሰድበት ጊዜ ያገኛል። ቦታው በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። በላስቲክ ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ልክ ትከሉት፤ እንዲያውም ሁለት ጣት ያህል ከፍ ቢል ይሻላል፤ ግንዱ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። ለዝቅተኛ አጥር በተክልና በተክል መካከል ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ለብቻው ለሚቆም ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ተዉለት። አጥሩ ቶሎ እንዲገጥም ብሎ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ማጨናነቅ በክረምት አየር ያሳጣዋል፤ ውስጡ ይሻግታል።

ውሃ፦ ድርቅን ይችላል ማለት ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ይችላል ማለት አይደለም። የመጀመሪያውን ወር በየሦስት አራት ቀኑ 2 ሊትር ያህል ስጡት። ከዚያ እስከ በልግ በሳምንት አንዴ 4 ወይም 5 ሊትር፣ ቀስ ብሎ እንዲሰርግ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ መሬት ላይ ያለ ተክል በደረቁ በጋ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ በደንብ ቢጠጣ ይበቃዋል። ዝናብ ካለ ምንም አያስፈልገውም። ግንዱ ዙሪያ ሣር ከመጎዝጎዝ ጠጠር ወይም ቀይ አሽ ብትበትኑ እንመርጣለን፤ ሣር ግንዱን እርጥብ ያደርገዋል።

ወደ ማባዛቱ እንለፍ። ከዘር ማፍላት ይቻላል፤ ግን አይመከርም። ዘሩ የሚበቅለው ጥቂቱ ነው፣ የሚበቅለውም ሳምንታት ወስዶ ነው፣ የበቀለውም እናቱን ላይመስል ይችላል። ከቁራጭ የወጣ ተክል ግን ራሷ እናቲቱ ናት። ጥቅጥቅ ብሎ የሚያድግ፣ ቅርንጫፉ የተጠጋጋ ተክል ጎረቤት ካያችሁ ከእሱ ለምናችሁ ቁረጡ። እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ከሚረዝም ተክል ቆርጣችሁ ጉች ያለ ቁጥቋጦ አትጠብቁ፤ መቀስ ያግዛል እንጂ ባሕርይ አይለውጥም።

አበባ ያልያዘ፣ የዘንድሮ ቅርንጫፍ ምረጡ። ስታጥፉት እንደ ሣር የሚተኛ ከሆነ ገና ለጋ ነው፣ ይጠወልጋል፤ ቅርፊቱ ግራጫ ሆኖ አልታጠፍ ካለ አርጅቷል። አጥፋችሁ ስትለቁት የሚመለሰው ነው ደጉ። ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቅጠል ከሚወጣበት አንጓ ሥር በንጹሕ ምላጭ ቁረጡ። የታችኛውን ሁለት ሦስተኛ ቅጠል አንሡ፤ ወደ ታች ስባችሁ ስትመልጡት ቅርፊቱን ይዞ ይሄዳልና ወይ በምላጭ ቁረጡት ወይ ወደ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ቀንጥሱት። ጫፉን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡት፣ ከጎን እንዲያቆጠቁጥ። ማስቀመጫው እኩል በእኩል የታጠበ ሻካራ አሸዋና የተነፋ ቀይ አሽ ነው፤ ፍግ የለበትም። ቀዳዳውን መጀመሪያ በእንጨት ብሱና ቁራጩን ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አስገቡት፤ እንዲሁ ከሰካችሁት አሸዋው ቁስሉን ይልጠዋል።

አየሩ ደረቅ ከሆነ የሃይላንድ ፕላስቲክ ለሁለት ቆርጣችሁ የላይኛውን ክፍል ድፉበት። ክዳኑን ግን አውልቁት። ቅጠሉ ሥር ያለውን ያን ነጭ ጸጉር አስታውሱ፤ ላብ ከያዘ ይሻግታል። በዚህ ሥራ ቁራጭ የሚጠፋው በጥም ሳይሆን ክዳኑ ስለተዘጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብርሃን የሚገባበት፣ የቀትር ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይ አስቀምጡት። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ሥር ይይዛል፤ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝባቸው ወራት ይዘገያል። ቀስ ብላችሁ ሳብ ስታደርጉት አልወጣም ካለ ይዟል። ከዚያ ወደ ችግኝ ላስቲክ አዛውሩት። ግንቦት ላይ ቆርጣችሁ ክረምቱን ጣሪያ ሥር ብታሳልፉት ለጥቅምት ተከላ ይደርሳል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥም ሥር ያወጣል፤ ነገር ግን ያ ሥር ተሰባሪ ነው፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ ወደ አፈር ካልገባ አፈሩን አይለምድም። የሚያስፈልጋችሁ አሥር ከሆነ አሥራ አምስት ትከሉ።

ችግኝ የምትገዙ ከሆነም ሁለት ነገር ተመልከቱ። ላስቲኩ የተሞላው በዋልካ ከሆነ ተክሉ ከነበሽታው ሊመጣ ይችላል። ከታች ሥሩ ክብ ሠርቶ ከተጠመጠመ ደግሞ ከመትከላችሁ በፊት በጣታችሁ ዘርጉት፤ አለዚያ መሬት ውስጥም እዚያው ሲዞር ይኖራል።

መግረዝ። አንድ ያረጀ ቅርንጫፍ ይዣለሁ፤ ከጫፉ ጀምሬ ልውረድ። እዚህ ግንዱ አረንጓዴ ነው። እዚህ ቡናማ ሆኗል፣ ግን ቅጠል አለው። ከዚህ በታች ግራጫ እንጨት ብቻ ነው፤ ቅጠል የለም። መቀሳችሁ ከዚህች የመጨረሻ ቅጠል በታች አይውረድ። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ይቆጠቁጣል፤ ያንን ያየ ሰው የጥብስ ቅጠልንም ከሥሩ ጨፍጭፎ እንዲታደስ ይጠብቃል። አይታደስም። በግራጫው እንጨት ውስጥ የሚነቃ ቡቃያ ከሞላ ጎደል የለም፤ የተቆረጠው እንደተቆረጠ ይደርቃል።

ስለዚህ ጉች ያለ ተክል የሚገኘው ገና ከልጅነቱ፣ በትንሽ በትንሹ በመቁረጥ ነው። ችግኙ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፎቹን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀንጥሱ፤ አዲሶቹ ቅርንጫፎች 10 ሴንቲ ሜትር ሲሞሉ እንደገና። የደረሰውን ተክል አበባው ካለፈ በኋላ ከአረንጓዴው ሲሶውን ያህል ከርክሙ። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ውስጡ የደረቀውንና መሬት የሚነካውን አስወግዱ፤ አየር ይግባበት። በክረምቱ መካከል ከባድ ቁረጣ አታድርጉ፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ይከርማል። አጥር ከሆነ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ አድርጉት። ከላይ የሰፋ አጥር የታችኛውን ጥላ ያደርግበታል፤ እግሩ ይመለጣል፣ የተመለጠውም እንደማይመለስ አይተናል።

በቤት የሚታይ አንድ ነገር አለ፦ ወደ ወጥ ቤቱ በር የዞረው ጎን ሁልጊዜ የተላጨ ነው። ለጥብስ የሚቀጠፈው ከቅርቡ ነውና። ዙሪያውን እየዞራችሁ ቅጠፉ፤ በአንድ ጊዜ ከተክሉ ከአራት አንድ እጅ በላይ አትውሰዱ። ለማድረቅ ከሆነ ጤዛው ሲጠፋ፣ ፀሐዩ ሳይከር ቁረጡና ጥላ ሥር ዘርጉት። ፀሐይ ላይ የደረቀ ቅጠል ይገረጣል፣ ሽታውንም ያጣል፤ ሽታው ዘይት ነው፣ ዘይቱ ተናኝ ነው።

ማዳበሪያ ብዙ አያሻውም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ የጥብስ ቅጠል ላይ ሲበተን ቅርንጫፉ ረዝሞ ይልፈሰፈሳል፣ ሽታው ይደክማል። በዓመት አንዴ ሁለት እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት፣ ከግንዱ ራቅ ተደርጎ፣ ይበቃዋል። ተባይም ብዙ አያስቸግረውም። ቅጠሉ በበጋ ደቃቅ ነጠብጣብ ይዞ ከገረጣ ከጀርባው ቀይ ሸረሪት ፈልጉ፤ በጠዋት በውሃ ግፊት ማጠብ ብዙውን ያስወግደዋል፣ ቅጠሉ እስከ ቀትር ይደርቃል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ካያችሁ ጥላ ወይም መጨናነቅ አለ ማለት ነው፤ መድኃኒት ከመርጨታችሁ በፊት መቀስ ያዙ።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን እንመልስ። የመጀመሪያው ስለ ማሰሮና ባልዲ ነው። በዕቃ ውስጥ ሲሆን ነገሩ በከፊል ይገለበጣል፤ መሬት ላይ ያለው ሥሩን አርቆ ይሰዳል፣ የዕቃው ግን ያለው እዚያው ያለው ብቻ ነው። ቅጠሉ ደረቅ ስለሆነ እንደ ሌላው ተክል ወዲያው ተጠውልጎ አይነግራችሁም፤ ሲነግራችሁ አልፏል። ከ25 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ስፋት ያለው፣ ከታች የተበሳ ዕቃ ምረጡ። የላይኛው 3 ሴንቲ ሜትር አፈር ሲደርቅ አጠጡ፤ ከሥሩ የሚቀመጠው ሰሃን ውሃ አይቋጥር። ዋሽንግተን አካባቢ ዘመድ ያላቸው የሚጠይቁት ደግሞ ብርዱን ነው። አብዛኛው ዝርያ ቀላል ውርጭ ይችላል፤ ከባድ በረዶ ባለበት ግን «አርፕ» የሚባለውን ይፈልጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ቴክሳስ ውስጥ አርፕ በምትባል ከተማ የተገኘ ብርድ ቻይ ዝርያ ነው። በዚያም ቢሆን በክረምት ሥሩ እርጥብ ከሆነ ብርዱ ቶሎ ይጥለዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ መካከሉ ባዶ ሆኖ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ብቻ ስለቀረ አሮጌ ተክል ነው። ቆርጦ ማደስ እንደማይቻል አይተናል፤ ስለዚህ ልጅ አስወልዱት። ወደ መሬት የሚያዘነብል ቅርንጫፍ ፈልጉ፤ ከጫፉ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብላችሁ ቅጠሉን አንሡና መሬት የሚነካውን ጎን ቅርፊት በምላጭ በትንሹ ፋቁት። ልል አፈር ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ቅበሩት፣ ጫፉ ውጭ ይቅር፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫኑበት። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ድንጋዩን አንሥታችሁ ሥር ማውጣቱን እዩና ከእናቱ ቁረጡት፤ ሁለት ሳምንት እዚያው ቆይቶ ይዛወር። አሮጌው የተነቀለው በስብሶ ከሆነ ግን ልጁን በዚያው ጉድጓድ አትመልሱት፤ አበስባሹ አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። አንድ ሁለት ሜትር ወደ ላይኛው ተዳፋት፣ በአዲስ ጉብታ ላይ ትከሉት።